ሲስተር ታቢታና ዘይት የምትበላው ዲኤክስ

ጠዋት ጠዋት ሲስተር ታቢታ መኪናዋን ስታስነሳ ጎረቤቶቿ መስኮት ይዘጋሉ። ነጯ ዲኤክስ መጀመሪያ ትንሽ ታንገራግራለች፤ ከዚያ ከኋላዋ ሰማያዊ ጭስ ቡልቅ ይልና ግቢውን ይሞላዋል። አጥር ተሻግሮ ወይዘሮ ሸዋዬ ልብስ የሚያሰጡበት ገመድ ድረስ ይደርሳል። ወይዘሮ ሸዋዬ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው፤ የመኪናዋ በር ሲከፈት ከሰሙ ያሰጡትን ይሰበስባሉ እንጂ አንድም ቀን ቅሬታ አሰምተው አያውቁም። በዚያ ግቢ ውስጥ የታመመ ሰው አለ። የታመመ ሰው ያለበት ቤት ሄዶ ስለ ጭስ መናገር ደግሞ ነውር ነው።

የታመመው የታቢታ ባል ማርቆስ ነው። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ቀኝ ጎኑ አይታዘዘውም፤ አንደበቱም ተይዟል።

ታቢታ ይርጋለም ተወልዳ ያደገች፣ አዋላጅነት ተምራ ገና በወጣትነቷ ቱላ ያለ ጤና ጣቢያ የተመደበች ሴት ናት። እስከ ዛሬም እዚያው ናት። በእጇ የተወለዱ ሴቶች ሲያድጉ ልጆቻቸውንም አዋልዳላቸዋለች። ከማርቆስ ጋር የተዋወቁትም በወሊድ ምክንያት ነው። አንዲት ምጥ የጠናባት ሴት ይዛ ወደ ሐዋሳ ስትሄድ አምቡላንሱ መንገድ ላይ ቀጥ አለ። ሾፌሩ ባገኘው መኪና ተሳፍሮ ሄደና አንድ ረጅም፣ ዝምተኛ መካኒክ ይዞ መጣ። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ ከፊት ሲሠራ፣ ታቢታ ከኋላ ትሠራ ነበር። ልጁ ቀድሞ ወጣ። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ በኋላው በር ብቅ አለና፣ "ዘገየሁብህ፣ ይቅርታ" አለ። ይቅርታ የጠየቀው የተወለደውን ልጅ ነው። ታቢታ በዚያ ሁሉ ድካም ውስጥ ሳቀች። ለምን እንዳገባችው የሚጠይቋት ጓደኞቿ ሁሉ ይህንኑ ታሪክ ነው የሚሰሙት።

ዲኤክሷን ማርቆስ ያገኛት ጎማዋ ወልቆ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነው። ባለቤቷ ተስፋ ቆርጦባታል። ማርቆስ በትርፍ ጊዜው አንድ ባንድ እየሠራ አስነሳት። ታቢታ መንዳት የተማረችው በእሷ ነው። ልጃቸው ሮሆቦት ከተወለደችበት ሆስፒታል ወደ ቤት የመጣችውም በእሷ ነው። ሮሆቦት አሁን ትምህርቷን ጨርሳ እዚያው ሐዋሳ፣ ፒያሳ አንድ ቢሮ ውስጥ ትሠራለች።

ማርቆስን ሕመሙ የያዘው ሥራ ላይ ነው። ከአንድ የጭነት መኪና ሥር ወጥቶ መፍቻ ሲያነሳ ከእጁ ወደቀ። እንደገና አነሳው፤ እንደገና ወደቀ። "ይሄ ደግሞ ምን ሆነ?" ብሎ እጁን እያየ ፈገግ አለ። ፈገግታው በግማሽ ፊቱ ብቻ ነበር። ከዚያ እሱም ወደቀ።

ስልኩ ሲደወል ታቢታ አንዲት ወላድ እየሰፋች ነበር። አብራት የነበረችው ነርስ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ያዘችላት። ሰማች። "እሺ፣ መጣሁ" አለች። ስፌቱን ጨረሰች፤ ክሩን ቆረጠች፤ እጇን ታጠበች፤ ለወላዷ እናት ልጅቷን ምን እንደሚያበሏት ነገረቻቸው።  ሆስፒታል ደርሳ ሐኪሙ አንጎሉ ውስጥ ደም መርጋቱን ሲነግራትም፣ ባሏን ተሸክመው ቤት ሲያስገቡላትም አላለቀሰችም። ሰዉ ጠንካራ ናት አለ። የቤተ ክርስቲያን እናቶች እየመጡ ጸለዩላት። "ጌታ ጉልበት ሰጥቶሻል" አሏት። ታቢታ ጉልበት እንዳልሆነ ታውቅ ነበር። ማደንዘዣ የተወጋ ሥጋ ሲነካ መነካቱ ይታወቃል፣ ሕመሙ ግን የለም። እንደዚያ ሆና ነበር። ምግብ ትበላለች፤ ምን እንደበላች አታስታውስም። ሰው ሲያወራት ከንፈሩን ታያለች። ሌሊት ትተኛለች፤ ስትነሳ ያልተኛች ያህል ነው።

ቀኑ ራሱን በራሱ ይገፋ ነበር። ጠዋት ማርቆስን ታጥበዋለች፣ ታለብሰዋለች፣ ደግፋ በረንዳው ላይ ወንበሩ ላይ ታስቀምጠዋለች። በረንዳው ላይ በመዘውር የተሰቀለ ለስላሳ የጥጥ ገመድ አለ፤ በደህናው እጁ እየጎተተ የማይታዘዘውን እጁን ወደ ላይ ያነሳል። ቀን ቀን የምትጠብቀው የቤት ሠራተኛቸው ኢየሩስ ናት። ታቢታ ወደ ቱላ ትነዳለች፣ ታዋልዳለች፣ ትመለሳለች። ከሳምንቱ ሁለት ቀን ደግሞ በዚያችው መኪና ወደ ፊዚዮቴራፒ ትወስደዋለች።

ከንግግሩ የተረፈው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ "ቆይ"። ጋራዥ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሲለው የኖረው ቃል ነው። ቀድሞ ሰው ሲያጣድፈው፣ ቁልፍ ሲያጠብቅ፣ የሞተር ድምፅ ሲያዳምጥ "ቆይ" ይል ነበር። አሁን ውሃ ሲፈልግም ቆይ ነው፣ ሲጠግብም ቆይ ነው፣ ደስ ሲለውም ቆይ ነው። የቤታቸው ቋንቋ ሲዳምኛ ነበር፤ ከሲዳምኛው አንድም ቃል አልተረፈም። ታቢታ በበኩሏ ለሁሉም "እሺ" ትላለች። ሮሆቦት አንድ ቀን በሁለቱ መሃል ተቀምጣ ይህን ስትሰማ ተነስታ ወጣች።

"እማዬ፣ ይቺን መኪና ሽጫት" አለቻት ሮሆቦት ስትመለስ። ዓይኗ ቀልቷል። "ከተማውን በጭስ እየበከልሽ እስከ መቼ ትሄጃለሽ? ባጃጅ አለ፣ ታክሲ አለ።"

"እሺ" አለች ታቢታ።

"እሺ ትያለሽ እንጂ አትሸጫትም።"

"እሺ።"

ነገሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ጠዋት ወደ ቱላ ስትነዳ ከፊቷ ካለው ሰሌዳ ላይ ቀይ መብራት በራ፤ የዘይት መብራት ነው። ታቢታ አየችው። ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች፤ የመካኒክ ሚስት ናት። ዘይት አልቋል፣ ሞተሩ ደርቆ እየዞረ ነው፣ ወዲያው አቁሚ ማለት ነው። መብራቱን እያየች መንዳቷን ቀጠለች። አላቆመችም።  ጤና ጣቢያው በር ስትደርስ ሞተሩ ከውስጥ እንደሚንኳኳ በር እየጮኸ ነበር። ጥበቃው ሮጦ መጣና እጁን በመስኮት አስገብቶ፣ ቁልፉን አዙሮ ሞተሩን አጠፋው።

"ሲስተር! ምን ሆነዋል? አይሰሙም እንዴ?"

"ሰምቻለሁ" አለች ታቢታ፣ ቦርሳዋን አንስታ ወደ ማዋለጃው ገባች።

ከሰዓት ዘይት ተገዝቶ ተሞላና መኪናዋ እንደ ምንም ቤት ደረሰች። ማታ ሮሆቦት ካሳሁን ጋ ደወለች። ካሳሁን ማርቆስ ሥር ሆኖ ሙያ የተማረ፣ አሁን የራሱን ጋራዥ የከፈተ ሰው ነው። በነጋታው ሥራ ሳይገባ መጣ። ግን እሱ ሲደርስ ታቢታ መኪናዋን አስነስታ፣ ሞተሩ ሞቆ ነበር። ካሳሁን ጥቂት አዳመጠ፣ የዘይት መለኪያውን አውጥቶ አየ፣ የጭስ ማውጫውን ጫፍ በጣቱ ጠረገ። ጣቱ ጥቁርና ቅባታም ሆነ።

"ሲስተር፣ ፋሻው አልቋል" አለ። ፋሻ ማለት ፒስቶኑን የሚከበው ቀለበት ነው፤ ካለቀ ዘይት ከታች ወደ ላይ ያሳልፋል። "ሞተሩ ወርዶ መፈታት አለበት። እዚህ የሚሆን አይደለም። እኔ ጋ ጎትተን እንወስዳታለን።"

"ቆይ" አለ ማርቆስ ከበረንዳው።

ካሳሁን ዞር ብሎ አንገቱን ሰበር አደረገ። "እኔስ እቆያለሁ ጋሼ። እሷ ናት የማትቆየው።"

"ቆይ! ቆይ!" ማርቆስ በግራ እጁ የወንበሩን መደገፊያ ይደበድብ ጀመር። ፊቱ ቀላ። ታቢታ ደም ግፊቱ የተነሳ መስሏት ሄዳ የእጁን የደም ሥር ያዘች። እጁን መነጨቃት። ከዚያ ያንኑ እጁን ወደ ፀሐይ መውጫ ዘረጋ፤ ጨብጦ ፈታው፣ እንደሚፈነዳ ነገር። ቀጥሎ በመዳፉ አየሩን ወዲያ ወዲያ ጠረገው፤ የለም እንደማለት። ይህንኑ ደጋገመው። ዓይኑ ከታቢታ ዓይን ላይ አልተነቀለም።

"ጠዋት ነው የምታጨሰው ነው የምትለኝ?" አለች ታቢታ። "ጠዋት ታጨስና ከዚያ ይጠፋል?"

ማርቆስ በረጅሙ ተነፈሰ።

ካሳሁን ጭንቅላቱን አከከ። "እንዴት ነው ሲስተር? መንገድ ላይስ ታጨሳለች?"

ታቢታ በዚያች መኪና ወራት ሙሉ ተመላልሳለች። የኋላ መስታወቱን ግን አይታ አታውቅም።

"አላውቅም" አለች።

"እንግዲያው ይዩልኝ" አለ ካሳሁን። "ጋሼ ልክ ናቸው፤ ይሄ መታወቅ አለበት። ዘይቱ የሚገባው ከታች በፋሻው ከሆነ፣ ዳገት ስትወጣ፣ ስትጫን ሁሉ ታጨሳለች። ከላይ ከሆነ ግን ሌላ ነው። ሌሊቱን ዘይቱ በቫልቮቹ በኩል ጠብ ጠብ ሲል ያድራል፤ ጠዋት ስትነሳ የተጠራቀመው ባንዴ ይቃጠላል። ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ለቀው ወርደው፣ መልሰው ሲረግጡም እንደዚያው ቡፍ ትላለች።"

ታቢታ መስታወቱን ማየት ጀመረች። ሥራ ስለተሰጣት ነው እንጂ ማወቁ ግድ ብሏት አልነበረም። በሽተኛ እንድትከታተል እንደታዘዘች ተከታተለችው። ጠዋት ከግቢው ስትወጣ ከኋላዋ ያለው መንገድ አይታይም። አስፋልቱ ጋ ስትደርስ ጭሱ ይሳሳል፤ ትንሽ ቆይቶ ምንም የለም። ሜዳው ላይ ስትነዳ የለም። ዳገት ላይ ተጭና ስትወጣም የለም። አላሙራ ተራራ አጠገብ ግን ቁልቁለቱን እግሯን አንስታ ወርዳ፣ ታች ስትደርስ ነዳጁን ስትረግጥ፣ ሰማያዊው ጭስ ከኋላዋ ተዘረጋ። ከኋላዋ የነበረ ባለ ባጃጅ እየሳለ አልፏት በእጁ ሰደባት። ታቢታ ማታ ማርቆስን ስታጥበው ይህን ሁሉ ነገረችው። እግሩን በስፖንጅ እያሸች፣ ዳገቱን፣ ቁልቁለቱን፣ ባለ ባጃጁን ሳይቀር አወራችው። እንደዚያ በረጅሙ ካወራችው ብዙ ጊዜ ሆኗት ነበር። ማርቆስ ፍራሹን በመዳፉ መታ መታ አደረገ።

በነጋታው ማርቆስ ይሠራበት ከነበረው ጋራዥ የመጡት ዕቃዎቹ ወደተደረደሩበት ጥግ ጠቆማት። አንዱን ሳጥን ስታነሳ "ቆይ" ይላል፣ ፊቱን ያዞራል። ሌላውን ታነሳለች፤ አሁንም ያዞራል። በመጨረሻ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ አመጣችለት። ጭኑ ላይ ገልብጦት በግራ እጁ ሲበረብር ቆየና አንዲት ትንሽ፣ ቀለበት የመሰለች ጎማ አውጥቶ መዳፏ ላይ አስቀመጠላት።

ካሳሁን ሲመጣ አሳየችው።

"የቫልቭ ጎሚኒ ነው" አለ። "ዘይት በቫልቩ ዘንግ በኩል እንዳይወርድ የሚይዘው እሱ ነው። ሲያረጅ ይደርቃል። ግን እርግጠኛ መሆን አለብን፤ ሁለቱም ሊሆን ይችላል።"

እሁድ ከጸሎት መልስ ካሳሁን የሞተር ግፊት መለኪያ ይዞ መጣ። ማርቆስን ከነወንበሩ አንስተው መኪናዋ አፍንጫ ሥር አስቀመጡት። ካሳሁን ነዳጁን የሚያቀጣጥሉትን ካንዴላዎች ፈትቶ በተራ ለማርቆስ ሰጠው። ማርቆስ እያንዳንዱን ወደ ብርሃን ያዞራል፣ ያያል፣ ጭኑ ላይ ያስቀምጣል። ሦስተኛውን በዘይት ተነክሮ ሲያገኘው ለታቢታ አሳያት። ከዚያ መለኪያው በየቀዳዳው እየገባ የሞተሩ ግፊት ተለካ። የቀሩት ደህና ናቸው፤ ሦስተኛው ብቻ ዝቅ ብሏል።

"አሁን በየቀዳዳው ትንሽ ዘይት እናስገባና ደግመን እንለካለን" አለ ካሳሁን። "ዘይቱ የላላውን ፋሻ ለጊዜው ይደፍናል። ግፊቱ በጣም ከጨመረ ችግሩ ፋሻ ነው። ካልጨመረ ፋሻው ደህና ነው። በምን እናስገባው?"

ታቢታ ገብታ ትልቅ መርፌ አመጣች። ዘይቱን ስባ፣ ጠብታ ሳታንጠባጥብ በየቀዳዳው አስገባች። ተለካ። የሦስተኛው ትንሽ ከፍ አለ፤ የቀሩት ከነበሩበት አልተነቃነቁም።

"ሞተሩ አይወርድም" አለ ካሳሁን። "ተሳስቼ ነበር ጋሼ።"

ማርቆስ ግን ገና አልጨረሰም። ከሞተሩ ክዳን የሚወጣውን የመተንፈሻ ቱቦ ጠቆመ። ካሳሁን ነቀለው፤ ታቢታ አፏን አድርጋ ብትነፋው አየር አያሳልፍም። ውስጡ በጠቆረ አተላ ተደፍኗል። በቤንዚን አጠቡት። ይህ ሲደፈን ሞተሩ ውስጥ የሚታፈነው አየር ዘይቱን በየስንጥቁ እንደሚገፋ ካሳሁን ነገራት። የዚያን ሳምንት ጭሱ ትንሽ ቀነሰ፤ ጠዋት ግን አሁንም መስኮት ይዘጋል።

በሚቀጥለው እሁድ ጎሚኒዎቹን ሊቀይሩ ተሰበሰቡ። ሮሆቦትም አሮጌ ልብስ ለብሳ መጣች፤ ግን ኮፈኑ ሥር ከመግባት ይልቅ አባቷ አጠገብ ቁጭ አለች። ካሳሁን የላይኛውን ክዳን አነሳ፣ ቫልቮቹን የሚጫኑትን ክንዶች ከነዘንጋቸው አወጣ፣ ቫልቮቹን የያዙት ሞላዎች ተራ በተራ ታዩ። ዘይት ወደ ታች የሚወርድበትን ቀዳዳ ሁሉ ታቢታ በጨርቅ ደፈነች፤ አንዲት ብረት ከገባች ጉድ ነው።

"አንድ ችግር አለ" አለ ካሳሁን። "ሞላውን ስንፈታው ቫልቩ ወደ ውስጥ ይወድቃል። በአየር ግፊት ነበር የምንይዘው፤ እኔ ጋ ያለው የአየር መጭመቂያ ደግሞ ተበላሽቷል።"

ማርቆስ በዓይኑ በረንዳውን ያይ ነበር። ታቢታ የሚያይበትን ተከትላ አየች። ገመዱ ነው።

"ገመድ?" አለች። "ገመዱን ወደ ውስጥ?"

"አሃ!" አለ ካሳሁን። "በካንዴላው ቀዳዳ ገመድ እናስገባና ፒስቶኑን ወደ ላይ እናመጣዋለን። ገመዱ ተጨምቆ ቫልቩን ከሥር ይይዘዋል። ጋሼ ድሮ አሳይተውኝ ነበር፤ ረስቼዋለሁ።"

ገመዱን ከመዘውሩ ፈትታ አመጣችው። ካሳሁን ወደ ቀዳዳው እየገፋ አስገባ፤ ጫፉን ማርቆስ በግራ እጁ ያዘ። ታቢታ ከሞተሩ ፊት ባለው ትልቅ ብሎን ላይ መፍቻውን ሰክታ ቀስ እያለች አዞረች። ትንሽ አዞረች። ትንሽ ጨመረች። ገመዱ በማርቆስ ጣቶች መሃል ሲወጠር ይታያል።

"ቆይ!" አለ ማርቆስ።

ቆመች። ካሳሁን ጎንበስ ብሎ ቫልቩን በጣቱ ተጫነው፤ አልተነቃነቀም። ልኩ ነው። ሮሆቦት እናቷን አየቻት፤ ከዚያ ቶሎ ብላ ወደ መሬት አየች። ከሕመሙ ወዲህ ማርቆስ ያለው ቃል ሊለው የፈለገውን ሲሆን ያ የመጀመሪያው ነበር። ታቢታ ነገሩን አስተውላለች። አንድ ነገር ሊሰማት እንደሚገባም አውቃለች። መፍቻውን ግን ወደ ሌላ እጇ አዛወረችና የሚቀጥለውን ትእዛዝ ጠበቀች።

ሥራው እንዲህ ቀጠለ። ካሳሁን ሞላውን ተጭኖ ሁለቱን ጥቃቅን መያዣ ብረቶች ያወጣል፤ ታቢታ አሮጌውን ጎሚኒ ነቅላ አዲሱን ዘይት ነክራ በጣቷ ትገፋዋለች፤ ሞላው ይመለሳል። አሮጌዎቹ ጎሚኒዎች እንደ ተቆላ ባቄላ ደርቀዋል። በጣቶቿ መሃል ስታሻቸው ተሰባብረው ረገፉ።

ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ የካሳሁን እጅ አዳለጠው። ሞላው ተፈናጥሮ ከመያዣዎቹ አንዷ ጠፋች። ሁሉም ባሉበት ደርቀው ቀሩ። ሞተሩ ውስጥ ፈለጉ፤ ጨርቆቹን አራገፉ፤ የለችም። መሬቱን በእጃቸው ዳበሱ። ሮሆቦት በሆዷ ተኝታ መኪናዋ ሥር ገባች። ካሳሁን በማግኔት አሸዋውን አበጠረ።

"ሞተር ውስጥ ከሆነች ማስነሳት አንችልም" አለ፤ ድምፁ ተቀይሯል።

ታቢታ ነበረች ያየችው፣ ያየችው ግን ብረቷን አይደለም። በማርቆስ ቀኝ እግር ሥር አፈሩ ረጥቧል። ጫማው ወልቆ እግሩ ባዶ ነው። ተንበርክካ እግሩን አነሳችው። ብረቷ ተረከዙ ውስጥ ተሰክታለች፤ ደሙ በቀጭኑ ይወርዳል። ሰው ሁሉ መሬት ለመሬት ሲፈልጋት ማርቆስ ረግጧት ተቀምጦ ነበር፤ አልተሰማውም። አሁን ጎንበስ ብሎ የራሱን ተረከዝ አየ። የሌላ ሰው እግር እንደሚያይ አየው። 

ሮሆቦት ማልቀስ ጀመረች። ታቢታ ብረቷን በጥፍሯ ነቅላ ለካሳሁን አቀበለችው። "እጠባት" አለችው። ቁስሉን አጸዳች፤ በጨርቅ አሰረችው፤ እግሩን ጭኗ ላይ አድርጋ ትንሽ ቆየች። ከዚያ ተነሳችና ሥራው ቀጠለ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ጨረሱ። ሞተሩ አንዴ አጉተመተመና ተነሳ። በነጋታው ጠዋት ታቢታ ስታስነሳት ግቢው ውስጥ ምንም ጭስ አልነበረም። ኢየሩስ ከወጥ ቤት ወጥታ አጨበጨበች። ታቢታ ከመቀመጫዋ ላይ ሆና ደስታውን ጠበቀችው። አልመጣም። ማርሽ አስገብታ ወደ ሥራዋ ሄደች።

ቁስሉ ቶሎ አልደረቀም፤ የደነዘዘ እግር ቶሎ አይድንም። ታቢታ ማታ ማታ እየፈታች ታሽገው ነበር። ከእነዚያ ማታዎች በአንዱ ፋሻውን እየጠቀለለች፣ ቀና ሳትል፣ "እኔም እኮ አይሰማኝም" አለችው በሲዳምኛ። "ስትወድቅም አልተሰማኝም። የዘይቱ መብራት ሲበራም አልተሰማኝም። የሆነ ነገር ረግጫለሁ መሰለኝ፤ ምን እንደሆነ ግን አላውቅም።" ማርቆስ ደህናውን እጁን ራሷ ላይ አሳረፈው። ከብዶ ነበር። ፋሻውን እስክትጨርስ አላነሳውም።

መኪናዋ ሙሉ በሙሉ አልዳነችም። ሦስተኛው ፒስቶን አርጅቷል፤ ካሳሁንም አንድ ቀን ሞተሩ መውረዱ እንደማይቀር ነግሯታል። እስከዚያው ታቢታ ዘይቱን ራሷ እየለካች ትጨምራለች፤ ጭማሪው ግን ከቀድሞው ጋር አይወዳደርም። ካሳሁን አንዳንዴ የከበደው ነገር ሲገጥመው ይመጣና ማርቆስ አጠገብ ተቀምጦ ያወራዋል። ከእነዚያ ቀኖች አንዳንዱ ለሥራው ይጠቅመዋል፣ አንዳንዱ አይጠቅመውም። ማርቆስ አንድ ሌላ ቃል አግኝቷል። የሮሆቦት ስም ነው፤ ኢየሩስንም በእሱ ይጠራታል።

ክረምቱ ሲወጣ ይርጋለም ያለችው የታቢታ ታላቅ እህት ልጇን ልትድር ሆነ። ታቢታ ከማርቆስ ሕመም በኋላ ከሐዋሳና ከቱላ ሌላ የትም ሄዳ አታውቅም። እቀራለሁ ብላ ነበር፤ ሮሆቦት አሻፈረኝ አለች። አባቷን ከኋላ ትራስ ደርድራ አስቀመጠችው፣ እሷም አጠገቡ ገባች። ታቢታ ነዳች። መንገዱ ከዘነበ በኋላ ታጥቦ ነበር፤ በግራና በቀኝ እንሰቱ አረንጓዴ ሆኗል። መስታወቱን ደጋግማ ታያለች፤ ልማድ ሆኖባታል። ከኋላዋ ንጹሕ መንገድ ብቻ አለ።

የእህቷ ግቢ ስትደርስ ዘመድ ሁሉ ግር ብሎ ወጣ። ማርቆስን አራት ጎረምሶች አንስተው በዕልልታ አስገቡት፤ ሰው እየሳቀ፣ እያለቀሰ ከበበው። ታቢታ ከመቀመጫዋ አልተነሳችም። እጇ መሪው ላይ ነው። ሞተሩን አላጠፋችውም፤ በእርጋታ ይዞራል። እህቷ መጥታ በሩን ከፈተችላት።

"ምነው፣ አትወርጂም?"

ታቢታ ልትነሳ ሞከረች። ክንዷ ከበዳት። ትከሻዋ፣ ወገቧ፣ የእግሯ ጣቶች ሳይቀሩ አንድ ባንድ ይሰሟት ጀመር፤ ዓመት ሙሉ የተሸከመችው ሁሉ አሁን ገና የደረሰባት ይመስል።

"ደክሞኛል" አለች። ድምፁ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። "እታለም፣ በጣም ደክሞኛል።"

እህቷ ቁልፉን ዞር አድርጋ ሞተሩን አጠፋችው፤ ታቢታን ደግፋ በጓሮ በኩል፣ ሰው ሳያያቸው፣ ራሷ የምትተኛበት ክፍል አስገባቻት። ጫማዋን አወለቀችላት። ውጭ ከበሮው ይመታል፤ ሮሆቦት ከዘመዶቿ ልጆች ጋር ትጮሃለች። ታቢታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረችና ተኛች። ሙሽራዋ ስትሸኝ አልነቃችም፤ ምሳ ሲነሳም አልነቃችም። እህቷ በየመሃሉ እየገባች ጋቢውን ታስተካክልላት ነበር።